የጳጉሜን ሦስት ቀጠሮ

ቅጹ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከላይ የኮሌጃችን አርማ አለ፤ ቀጥሎ ሰዓት አክባሪነት፣ ታዛዥነት፣ የሥራ ፍላጎት እያለ የሚወርድ ሠንጠረዥ፤ ከሠንጠረዡ ሥር ደግሞ «ሠልጣኟ በቆይታዋ የሠራችው ሥራ» የሚል አንድ መስመር። በእኔ ቅጽ ላይ በዚያ መስመር የተጻፈው «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ እና ልዩ ልዩ» የሚል ነበር። ታዛዥነት ላይ ከአሥር አሥር አግኝቻለሁ። ሙሉ ነጥብ ባገኘሁ ቁጥር እየሮጥኩ ለአባቴ አሳይ ነበር። ይህንን ለማሳየት ግን አፈርኩ።

ጠብ የምወድ ሰው አይደለሁም። ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአይቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምቀመጠው ከፊት ነው። መምህር ሳያዝዝ ሰሌዳ አጠፋለሁ። ጓደኞቼ «አንቺ እኮ እምቢ ማለትን ሳትማሪ ነው ያደግሽው» እያሉ ያሾፉብኛል። ይህን የምናገረው ከዚህ በታች ያለውን ምሬቴን የሚያነብ ሰው ተቆጪ ሆኜ የተፈጠርኩ እንዳይመስለው ነው።

የሶፍትዌር መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ። ፕሮግራም የሚያስተምረን መምህር ዓመቱ ሲጋመስ የሙያውን መንገድ በሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳይቶን ነበር። ከታች ተለማማጅ፣ ከዚያ ጀማሪ፣ ከዚያ ባለሙያ፣ ከላይ ሲኒየር።

«ሲኒየር ማለት ብዙ ዓመት የተቀመጠ ማለት አይደለም» አለን። «ሌላው ያላየውን ስህተት ቀድሞ የሚያይ፣ አይቶም ዝም የማይል ማለት ነው።»

ቃል በቃል በደብተሬ ገለበጥኩት። ሐምሌ ላይ ለአፓረንትሺፕ፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ፣ ስንመደብ ያንን ደብተር ይዤ ሄድኩ።

የደረሰኝ አንድ የወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ከቡሬ ብዙም እንደማይርቅ ብቻ ልናገር። ቡሬ አክስቴ ቤት አርፌ በጠዋት ሚኒባስ እየተሳፈርኩ እመላለስ ነበር። የተመደብኩለት የኮምፒውተር ባለሙያ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው።

«እሺ፣ ምን ምን ትሠሪልኛለሽ?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ያዘዙኝን ሁሉ፣ ጋሼ።»

«ይኸው! ጨዋ ያሳደገሽ ልጅ ነሽ።»

እሱም የመሥሪያ ቤቱን የዕድገት መሰላል ሣለልኝ፤ በአሮጌ ደብዳቤ ጀርባ ላይ። ጀማሪ ባለሙያ፣ ባለሙያ፣ ከፍተኛ ባለሙያ፣ ቡድን መሪ። እሱ የቆመው ሁለተኛው ላይ ነበር። «ከፍተኛ ባለሙያ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አሰመረበት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻይ አመጣሁ፤ ደብዳቤ ተየብኩ፤ የአንድ ለአምስት ውይይት ቃለ ጉባኤ አባዛሁ። ያልተካሄደ ውይይት ቃለ ጉባኤም ተይቤያለሁ። «ያለፈውን ሳምንት ገልብጪና ቀኑን ቀይሪው» ሲለኝ «እሺ ጋሼ» አልኩ።

የመዝገብ ቤቱ ክፍል ከእኛ ቀጥሎ ነው። መዝገብ ቤቷን የምትይዘው ሴት አምሳን ያለፈች፣ በጋቢ የምትጀቦን፣ እኔ «እትዬ» የምላት ሰው ናት። ሦስት ግድግዳ የሞላውን የይዞታ ፋይል በቃሏ ታውቀዋለች። ገበሬ መጥቶ መስኮቷ ላይ ሲቆም «የማን ልጅ ነዎት? ከየትኛው ጎጥ?» ትላለች፤ በርጩማዋ ላይ ትወጣለች፤ እጇን ሰድዳ ታወርደዋለች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን አመማትና ቀረች። በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድም ፋይል አልተገኘም። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ላይ ቆመው የዋሉ ሰዎች «ነገ ተመለሱ» ተብለው ሄዱ፤ ከነዚያ መሐል የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡ ነበሩ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። መዝገብ ቤቱ ጥግ ላይ ጥልፍ ልብስ የለበሰ አንድ ኮምፒውተር ነበር። እትዬ ስትመለስ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ፋይሎቹን ልመዝግባቸው?»

«እሱ ይሠራል እንዴ?» አለች። «እኔ ለጌጥ ያስቀመጡት መስሎኝ አቧራውን ብቻ ነው የምጠርግለት።»

ኮሌጅ በተማርኩት ዳታቤዝ መሥራት ጀመርኩ። የባለይዞታው ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ፋይሉ የሚገኝበት መደርደሪያ፤ የወሰን ክርክር ላለባቸው ደግሞ የቀጠሮ ቀን። እትዬ ከበርጩማዋ ላይ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስም ሲጻፍ የመደርደሪያውን ቁጥር የሚያወጣ ነገር በእጄ ሠራሁ! ባለሙያው መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ገና አላለቀም።»

ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ፕሮግራሙን ገለበጠና ሄደ። ደስ አለኝ። ሊያርምልኝ የወሰደው መስሎኝ ነበር።

ስህተቱ የተገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያገኘችውም ኮምፒውተር ነክታ የማታውቀው እትዬ ናት። ለአንድ ባለጉዳይ የጥቅምት 30 ቀጠሮ ላስገባ ስል ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን አቆጣጠር ነው፤ ለእሱ ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የለውም። እኔ ቀኑን በፕሮግራሙ የቀን ሳጥን ውስጥ ስጽፍ አንድ ጊዜ እንኳ ይህን አላሰብኩም።

«ጥቅምትን ካላወቀ» አለች እትዬ፣ «ጳጉሜንን ምን ሊላት ነው?»

ጳጉሜን 3 ብዬ አስገባሁ። ሦስተኛው ቀን፣ አሥራ ሦስተኛው ወር። ይህንንስ እሺ ብሎ ተቀበለኝ። ከዚያ መልሼ ሳየው ኅዳር 13 ሆኗል። አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ፣ ሳይነግረኝ፣ ቀኑን ወር ወሩን ቀን አድርጎ ገልብጦታል። እምቢ ቢለኝ ይሻል ነበር።

ጳጉሜን ደግሞ በዚያ ጽሕፈት ቤት ትንሽ ነገር አይደለችም። ክረምት የአረም ጊዜ ነው፤ ገበሬ በሥራ ቀን ቀጠሮ አይወድም። እርሻ የማይነካበትን በዓል ይመርጣል። የወሰን ክርክር ያለባቸው ሰዎች «ለሩፋኤል ያድርጉልን» ብለው ስለሚለምኑ፣ የክረምቱ ቀጠሮ አብዛኛው የሚያርፈው ጳጉሜን 3 ላይ ነው።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የቀኑን ሳጥን አውጥቼ ሦስት ሳጥን አደረግኩት፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱ ወራት በተራ ለተጻፉበት ዝርዝር፣ አንዱ ለዓመት። እትዬ ጳጉሜን 3 አስገባችበት፤ በአንድ ጣት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ። ጳጉሜን 3 ብሎ መለሰላት። ሁለታችንም ሳቅን።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ባለሙያው «ኮምፒውተሩን ትሸከሚልኛለሽ፣ ፍኖተ ሰላም የዓመቱ ግምገማ አለ» አለኝ። ሄድን። አዳራሹ ከየወረዳው በመጡ ሰዎች ሞልቷል። በየተራ «ምርጥ ተሞክሮ» ይቀርባል። የእኛ ተራ ሲደርስ ገመዱን ሰካሁና ወደ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ግድግዳው ላይ የእኔ ፕሮግራም በራ። የፊት ገጹ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ ተጨምሯል፤ ከጥብጣቡ ሥር በትልቁ የሱ ስም።

እውነቱን ልናገር። ስሙን ሳይ ከመናደዴ በፊት ደነገጥኩ፤ የኔ ስም በውስጡ የትም እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ስም መጻፍ ጉራ ይመስለኝ ስለነበር አልጻፍኩትም።

ከዚያ የቀጠሮውን ገጽ ከፈተ፤ አንድ የቀን ሳጥን። መጀመሪያ በፍላሹ የወሰደው፣ ያልታረመው ነው። ተጨበጨበለት። ከመድረኩ «ይህ በሁሉም ወረዳ ይስፋ» ተባለ፤ በሲዲ አባዝቶ ለየወረዳው ተወካይ አደለ። ሲዲዎቹን በየእጃቸው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ኮሪደር ላይ ጠበቅኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይኼኛው ኮፒ ጳጉሜንን አያውቅም። ያረምኩት የኔ ፍላሽ ላይ ነው።»

«ምን ማለት ነው አያውቅም?»

«ወደ ሌላ ወር ይገለብጠዋል።»

«አንቺ ልጅ፣ ጳጉሜን እኮ አምስት ቀን ናት! ለአምስት ቀን ብለሽ ነው ደስታዬን የምታበላሺው?»

«ሰዎቹ ግን ጋሼ...»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እኔም ተለማማጅ እያለሁ ኔትወርክ ዘርግቼ አለቃዬ ነው የተሸለመበት። ምንም አላልኩም። ተራሽ ይደርስሻል።»

ይህን ያለው በክፋት አይደለም፤ ሊያጽናናኝ ነው። እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ሰውየው የተወሰደበትን ያስታውሳል፤ ሕመሙንም አልረሳውም፤ የተማረው ግን መውሰድን ብቻ ነው። ያ በሦስት መስመር ያጌጠ መሰላል ማለት ለካ እያንዳንዱ ከበታቹ ያለውን እየረገጠ የሚወጣበት ነው! መምህራችን የሣለው ሌላ ነበር።

ስንመለስ መዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእኔን አጥፍቶ የሱን ኮፒ ጫነ። «ጎብኚ ይመጣል፤ ያዩት መሆን አለበት። እንዳትነኪው» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ ጋሼ።» የሌላውን ጥፋት እንደምጽፍ የራሴንም መጻፍ አለብኝ። ያረምኩት ኮፒ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በየቀኑ የጳጉሜን ቀጠሮ ስታስገባበት በመስኮት እያየሁ፣ ቅጼን የሚሞላው እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያደረግኩት አንድ ነገር ለእትዬ መንገር ብቻ ነው። እሷም የድሮውን ትልቁን የወረቀት መዝገብ ከመሳቢያ አውጥታ በእጇ መጻፏን ቀጠለች።

«ጌጡ ይሥራ» አለች፤ «እኔ ግን እጽፋለሁ።»

ጳጉሜን 3 ደረሰ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ስደርስ ከበሩ ፊት አሥራ አንድ ሰዎች ቆመዋል፤ ወንዝ ወርደው ተጠምቀው የመጡ ናቸው፤ የብዙዎቹ ጸጉር ገና አልደረቀም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከኮምፒውተሩ የታተመ ዝርዝር ተለጥፏል። ርዕሱ «በቀጠሮ ቀን ያልቀረቡ» ይላል። አሥራ አንዱም ስም እዚያ ላይ ነው። ቀን፣ ኅዳር 13።

አንድ ሽማግሌ፣ ማንበብ የሚችል ሰው አስነብበው፣ ወደ ክፍላችን ገቡ። እርጥብ ጋቢያቸውን በአንድ እጅ ይዘዋል።

«እንደምን አደራችሁ ጌቶቼ። ሳልቀርብ ቀርቼ ነገሬ ተዘጋ አሉኝ። መቼ ነው የቀረሁት?»

ባለሙያው ስክሪኑን አየ። «ኅዳር 13 ተቀጥረው አልመጡም አባባ። ወደ አሥር ወር ሆኖታል።»

«ኅዳር?» አሉ ሽማግሌው። «ሰውየው ወሰኔን የገፋው በሰኔ ነው እኮ። በኅዳር ልከሰው ነቢይ ነኝ?»

ውጪ ያሉት ሳቁ። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። «የኔም ኅዳር ነው የሚለው» አለች። «በኅዳር ባሌም በሕይወት ነበር፤ ክርክርም አልነበረኝ። ከሞተ ወዲህ ነው ማሳዬን የተሻሙኝ። አሁን ተዘጋ ካላችሁኝ መሬቱን ሊያርሱት ነው።»

ባለሙያው ቀና አለ። ፊቱ ቀልቷል። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«ይቺ ተለማማጅ ናት የሠራችው። ልምድ የላትም። ስህተት ነው፣ እናጣራለን፣ ከበዓል በኋላ ተመለሱ።»

ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ውስጥ ሥራው የሱ ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን ሲበላሽ የኔ ሆነ! በዚያ ክረምት ሙሉ ሥራው የኔ መሆኑ በአደባባይ የተነገረው ይህች አንዲት ጊዜ ናት፤ የተነገረውም ለመወቀስ ነው። ላለቅስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀስኩም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «የታረመውም እኔ ጋ ነው።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሠራሽው ነው ወይስ አበላሸሽው?»

«ሁለቱንም አባባ። ዛሬ ግን አስተካክለዋለሁ። ወደ ቤትዎ እንዳይመለሱ።»

«ጎብኚ ይመጣል ብዬሻለሁ!» አለ ባለሙያው በዝግታ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ።

«ይምጡ ጋሼ» አልኩት። «አሥራ ሦስት ወር ያያሉ።»

እንዲህ ዓይነት መልስ ለታላቅ ሰው ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። እትዬ የወረቀት መዝገቧን ገልጣ ጠበቀችኝ። አሥራ አንዱም ስም በእጅ ጽሕፈቷ፣ በጳጉሜን 3 ሥር፣ ሰኔና ሐምሌ ከቀረበው አቤቱታ ቁጥር ጋር። እሷ ጠራች፣ እኔ በታረመው ላይ አስገባሁ፤ ዝርዝሩን አትሜ በአሮጌው ላይ ለጠፍኩበት። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አይቶ ጉዳያቸው በዚያው ቀን እንዲሰማ አዘዘ። ሴቲቱ ስትወጣ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የክርክሩ ፋይል እንደገና ተከፍቶላታል፤ ማሳው እስኪወሰን ማንም እንዳይነካው የሚል ወረቀት በእጇ ይዛለች። ወረቀቱን አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። ትከሻዬን ስማኝ ሄደች።

በማግሥቱ ቅጼ ተሰጠኝ፤ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ እና ልዩ ልዩ»።

ጠረጴዛው ፊት ቆሜ አነበብኩት። «ጋሼ፣ የሠራሁት ይኼን አይደለም» አልኩ።

«ታዛዥነት አሥር ሰጥቼሽ የለ! ሌላው ምን ያደርግልሻል?»

ማኅተም የምታደርገው እትዬ ናት። ቅጹን ከእጄ ተቀበለች፤ መነጽሯን አወረደች፤ አነበበች። ማኅተሙን አንስታ በቀለሙ ላይ አሳረፈችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ ባላየሁት ነገር ላይ ማኅተም አላደርግም» አለችው። «ይቺ ልጅ ፎቶ ኮፒ ስታደርግ ብዙም አላየኋትም። መዝገብ ስትሠራ ነው ያየኋት።»

«እሜቴ፣ የርስዎ ሥራ ማተም ብቻ ነው።»

«ስለዚህ ነው የማላትመው።»

ባለሙያው ቅጹን መነተፈና ከመስመሩ ጫፍ ላይ በቀጭኑ ጨመረበት፤ «በዳታቤዝ ሥራም ተሳትፋለች»። ተሳትፋለች! እትዬ ወደኔ አየች። ሌላ መስመር አልነበረም፤ ሰዓቱም ሄዷል፤ ቅጹ ሳይታተም ዓመቴ አይዘጋም። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። አተመችው። አሁን ሳስበው በዚያች አንዲት ንቅናቄ አፍራለሁ።

ለዘመን መለወጫ ማንኩሳ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄድኩ። አባቴ ከእርሻው ጎን ለጎን የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በብራና የሚገለብጥ ሰው ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሲዲዎቹን በእጄ ማደሌንም አልደበቅኩም። ሰውየውን ይረግመዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስምሽን የት ነበር የጻፍሽው?» አለኝ።

«አልጻፍኩም። ጉራ እንዳይሆን ብዬ።»

የሚሠራበትን ዳዊት መጨረሻ ገልጦ አሳየኝ። ከመጨረሻው መስመር ሥር፣ በትንሹ፣ የክርስትና ስሙ አለ።

«ይኼ ለጉራ ይመስልሻል? አንደኛ የሚያነበው ሰው ይጸልይልኛል። ሁለተኛ ቃል ዘልዬ ከሆነ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ስም የሌለው ስህተት ማን ያርመዋል?»

ያን ጊዜ የራሴን ቅጽ ትቼ ሲዲዎቹን አሰብኩ። በየወረዳው ሄደዋል። እዚያስ እንደ እትዬ የወረቀት መዝገብ የሚይዝ አለ? እዚያስ «በኅዳር ቀርተሃል» የተባለ ሰው ማንን ጠየቀ?

መስከረም ውስጥ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ባለሙያው «ከፍተኛ ባለሙያ» መሆኑን ከጓደኞቼ ሰማሁ። እንዳሰብኩት አልተናደድኩም፤ የምሠራው ነገር ነበረኝ። መምህሬ የኮሌጁን ኮምፒውተር ፈቀደልኝ። የታረመውን በሲዲ አባዛሁ፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ደብዳቤ አደረግኩ። እንዲህ ይላል፦ «ነሐሴ ላይ የተሰጣችሁን የመዝገብ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። የቀን አጻጻፉ ላይ ያለው ስህተትም የኔ ነው። የጳጉሜን ቀጠሮ ወደ ሌላ ወር ይገለብጣል። ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት ወራት በ13ኛው ቀን አልቀረባችሁም የተባሉ ባለጉዳዮች ካሉ፣ እባካችሁ ጉዳያቸውን ከመዝጋታችሁ በፊት ከአቤቱታቸው ጋር አስተያዩት።»

ፖስታ ቤት ስደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ፖስታዎቹን አገላብጦ አየ።

«ላኪው ባዶ ነው» አለ። «የማን ነው? የመሥሪያ ቤት ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «የኔ ነው።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። በየፖስታው ላይ፣ ከጥጉ በትንሹ፣ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ።